ሐሞት የሌለው ሰው

በትንሣኤ ሌሊት፣ ዶሮ ከጮኸ በኋላ፣ በግ በሚታረድበት ቤት ሁሉ ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው የሚመለከቱት አንድ ጊዜ አለ። ቆዳው ተገፎ ሆዱም ከተከፈተ በኋላ፣ አባት ጉበቱን በግራ እጁ ደግፎ፣ ከጉበቱ ሥር የተለጠፈችውን አረንጓዴ ከረጢት በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብሎ የሚለይበት ጊዜ ነው። እናትም ከበሩ ላይ ቆማ «አደራ፣ እንዳትፈስ!» ትላለች። የፈሰሰች እንደ ሆነ ጉበቱ መረረ፤ ዱለቱም ቀረ ማለት ነው። እኔም በልጅነቴ አባቴ ያችን ከረጢት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ደጅ ሲያወጣት እያየሁ፣ ይህን ያህል የምትፈራ ነገር በእኔም ሆድ ውስጥ ትኖር ይሆን እያልሁ እደነግጥ ነበር።

አለች። በሁላችንም ሆድ ውስጥ አለች። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁትም ስለዚህችው ከረጢት፣ በውስጧም ጠጠር ባፈራች ጊዜ ሐኪሞች ቀድደው ስለሚያወጡበት ሥራ ነው። እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን በከሚሴ ከተማ ሳስተምር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዎች በዚህ ደዌ ተይዘው በቅርብ አይቻለሁ። አንደኛው ሞተዋል፤ ሁለተኛዋ በሕይወት አለች። ሁለቱን የለያያቸው የበሽታው ብርታት ብቻ አልነበረም፤ አንድ ቃልም ነበረ።

በ2009 ዓ.ም. የጥር ወር ነበር። ጎረቤታችን፣ በሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» እያልን የምናከብራቸው ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን በከብት ንግድ ያሳለፉ፣ ሰኞ ሰኞ ከባቲ ገበያ የማይታጡ ሰው ነበሩ። ለሦስት ዓመት ያህል በቀኝ ጎናቸው፣ ከጎድን አጥንት በታች፣ የሚይዝና የሚለቅ ሕመም ነበረባቸው። እርሳቸው ግን «ጨጓራ ነው» እያሉ ያልፉት ነበር። በዚያ ጥር ዐይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሽንታቸው እንደ ጠቆረ ሻይ ሆነ፤ ብርድ ብርድ እያላቸውም ያንቀጠቅጣቸው ጀመር። ዘመድ ተሰብስቦ «የወፍ በሽታ ነው» አለና ወደ ቆላ ወስዶ ከባለ መድኃኒት ዘንድ አስቀመጣቸው። እዚያም ሥር እየተወቀጠላቸው ሃያ ቀን ቆዩ።

በመጨረሻ ልጃቸው ከሐኪም ዘንድ አደረሳቸው። ሐኪሙም በአልትራሳውንድ መርምሮ፣ በሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ጠጠር እንዳለ፣ ከጠጠሩም አንዱ ወርዶ የሐሞቱን መውረጃ ቧንቧ እንደ ዘጋው፣ ስለዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ደሴ ሄደው ቧንቧው መከፈት፣ ከረጢቱም መውጣት እንዳለበት ነገራቸው። ልጁ ቃል በቃል በኦሮምኛ ተረጐመላቸው። ሐጂም እስከ መጨረሻው ሰምተው ሲያበቁ «ወደ ቤቴ መልሱኝ» አሉ።

በዚያው ምሽት ልጠይቃቸው ገባሁ። «መምህር፣ አንተ የተማርህ ሰው ነህና ንገረኝ» አሉኝ። «ሐሞቱ የወጣ ሰው በገበያ መካከል ቆሞ ዋጋ ሊቆርጥ ይችላልን? ሐሞተ ቢስ ሆኜ ከምኖር እንደ ተፈጠርሁ ብሞት ይሻለኛል።» እኔም የምመልሰውን ዐጣሁ። ዝም ብዬ ፍንጃል ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። በሳምንቱ ትኩሳታቸው ጠንቶ ንግግራቸውም ሲምታታ በመኪና ወደ ደሴ ሲወሰዱ ሐርቡን ሳያልፉ ዐረፉ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ ይህን የመሰለ ፍርሃት በሐጂ ብቻ የተጀመረ አይምሰላችሁ። ቋንቋችን ራሱ ያስተማረን ነው። ቆራጡን ሰው ሐሞተ ኮስታራ እንለዋለን፤ ፈሪውን ሐሞተ ቢስ፤ ተስፋ የቆረጠውን ደግሞ ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን። በመጽሐፈ ኢዮብም የሐሞት መፍሰስ የመከራ ብዛት መግለጫ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው፣ ነጭ ልብስ የለበሰ ወጣት ሐኪም መጥቶ «ሐሞትዎን እናወጣዋለን» ቢለው፣ ወንድነትዎን እናወጣዋለን ያለው ይመስለዋል። ሐኪሞቻችንም ነገሩን ሲናገሩ «ሐሞትዎ ይወጣል» ከማለት «ጠጠር የያዘው ከረጢት ይወጣል» ቢሉ መልካም ነበር፤ እውነተኛውም አነጋገር ይኸው ነው።

ሐሞትና የሐሞት ከረጢት አንድ አይደሉምና። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። ጉበት በየቀኑ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል፤ ሥራውም ቅባት ያለበትን ምግብ ማላም ነው። ከረጢቱ ግን ዕቃ ቤት ብቻ ነው። ርዝመቱ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የሚይዘውም ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለት አንድ ፍንጃል የማይሞላ ነው። በምግብና በምግብ መካከል ሐሞቱን ተቀብሎ፣ ውኃውን መጥጦ ያወፍረዋል፤ ቅባት ወደ አንጀት በወረደ ጊዜ ተኰማትሮ ይለቅቀዋል። ከረጢቱ ሲወጣ ጉበቱ ሥራውን አያቆምም፤ ሐሞቱ ዕቃ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። ስለዚህ ከረጢቱ የወጣለት ሰው ሐሞቱ ያው የቀድሞው ነው።

ይህን ያስረዳኝ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በሐጂ ለቅሶ ቤት፣ ከወዳጆቻቸው አንዱ የሆኑ፣ ከባቲ በታች ካለው በረሓ የመጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሐጂ ስለ ሐሞታቸው የተናገሩት ሲወራ ሰምተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ግመልም እኮ ሐሞት የለውም» አሉ። እኛ ግመል የማናርድ ሰዎች ይህን በምን እናውቃለን? በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጠየቅሁ። ግመል ጉበቱ ሐሞት ይሠራል እንጂ ከረጢት የለውም አለኝ። ፈረስም፣ አህያም፣ በቅሎም የላቸውም፤ ከወፎችም ርግብ የላትም። እንግዲህ በዐድዋ ፈረሰኞቻችን ተቀምጠውባቸው ወደ መድፍ አፍ የሮጡት ፈረሶች አንዳቸውም የሐሞት ከረጢት አልነበራቸውም። ያችኑ ከረጢት ይዞ የሚኖረው ግን በግ ነው። ይህን መልስ ለሐጂ ለመስጠት የሁለት ሳምንት ያህል ዘገየሁ፤ ዛሬም ድረስ ይቈረቍረኛል።

ጠጠሩ እንዴት እንደሚፈጠር ጥቂት ልናገር። ሐሞት ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባል ስብ አለ። ይህ ስብ ሲበዛ፣ ወይም ሐሞቱ ከረጢቱ ውስጥ ብዙ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ፣ በማሰሮ ግርጌ ዝቃጭ እንደሚረጋ ሁሉ ይረጋና ይጠጥራል። ከአሸዋ ቅንጣት ጀምሮ እስከ ዶሮ እንቁላል የሚያክል ይገኛል፤ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በመቶ የሚቈጠርም ሊሆን ይችላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ይልቁንም ደጋግመው የወለዱትንና ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈውን። ውፍረት የበዛበት ሰው፣ የስኳር በሽተኛ፣ ባጭር ጊዜ ውስጥ በጣም የከሳ ሰውም ለዚህ የቀረበ ነው። ሆኖም ጠጠር ያለው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ከአምስት ሰዎች አራቱ ያህል ጠጠራቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ፤ ምንም የማያማቸው እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ጥገና አያስፈልጋቸውም። ለሌላ ነገር ሲመረመሩ ድንገት ጠጠር የተገኘባችሁ ሰዎች፣ አትሸበሩ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሕመሙ ሲመጣ ግን መልኩ የታወቀ ነው። ቅባት ከተበላ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት፣ ከቀኝ ጎድን በታች ወይም በልብ ሥር ጨምድዶ ይይዛል፤ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይወጣል፤ ያስመልሳል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ይለቅቃል። በአገራችን ይህ ሁሉ ጨጓራ ይባላል። ጨጓራ የማይባል ምን ሕመም አለ! ተልባ ይጠጣል፣ ወተት ይጠጣል፣ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ያለ ምርመራ ይገዛል፤ ሕመሙም በራሱ ጊዜ ስለሚለቅቅ ያዳነው ተልባው ይመስላል።

እኛ ጿሚዎች ነንና አንዳንዶች ሕመሙን በጾም ያሳብቡታል። እኔ እንዳየሁትና ከሐኪሞችም እንደ ሰማሁት ግን፣ ጠጠር ያለበትን ሰው በአብዛኛው የሚጥለው ሽሮና ምስር አይደለም፤ ከሃምሳ አምስት ቀን ጾም በኋላ በአንድ ሌሊት የሚወርደው ቅቤና ሥጋ ነው። ከረጢቱ ያንን ቅባት ሊያላም በኀይል ሲኰማተር ጠጠሩ አፉ ላይ ይሰነቀራል። ታላቅ እኅቴን ያገኛትም ይኸው ነበር።

እኅቴ የስድስት ልጆች እናት፣ በዚያን ጊዜ የ48 ዓመት ሴት ነበረች። ሚያዝያ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዕለት፣ ዶሮ ወጥ በልታ ከተኛች በኋላ ሌሊት በሕመም ጮኸች። እስከ ንጋት አስመለሳት። ከአራት ዓመት ጀምሮ «ጨጓራዬ ተነሣ» ስትል ሰምተን ነበር። እኔ ግን የሐጂ ነገር በልቤ ስለ ነበረ እጄን ልኬ ቀኝ ጎኗን ነካሁት፤ ነክቼ ሳልጨርስ እጄን ገፈተረችው። «እትዬ፣ ዛሬ ተልባ የለም፤ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኋት። «በዓመት በዓል?» አለች። በዓመት በዓል ሄድን።

አልትራሳውንድ አያምም፤ አይቈርጥም። ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው፣ ሳሙና የሚያክል መሣሪያ በላዩ እያንሸራተቱ በድምፅ ሞገድ የውስጡን ያያሉ። ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት ሳይበሉ ቢቀርቡ ከረጢቱ ሞልቶ በደኅና ይታያል። የእኅቴ ከረጢት ጠጠር የሞላው፣ ግድግዳውም ያበጠ ነበር። ቧንቧው ግን አልተዘጋም፤ ዐይኗም ነጭ ነበር። ሐኪሙ «በጊዜ መጥታችኋል» አለ። እርሷም ወደ እኔ ዘወር ብላ በዝግታ «ሐጂ እምቢ ያሉት ይህንን ነውን?» አለችኝ። «አዎን» አልሁ። ስለ ግመሉና ስለ ፈረሱም ነገርኋት። ሕመም ላይ ሆና ሳቀች፤ ሳቁም ጎኗን ወጋትና «አታስቀኝ እንጂ!» አለች።

ይህ ሥራ እንግዳ ወይም ትናንት የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በ17ኛው መቶ ዓመት ዛምቤካሪ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ከውሾች የሐሞት ከረጢት አውጥቶ ውሾቹ በሕይወት እንደሚኖሩ ዐይቶ ነበር። ሆኖም በሰው ላይ የሚደፍር አልተገኘም፤ ሐኪሞች ከረጢቱን ከፍተው ጠጠሩን ለቅመው መልሰው ይዘጉ ነበር፤ ጠጠሩም ተመልሶ ይፈጠር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር ሐምሌ 15 ቀን 1882፣ በበርሊን ከተማ በአልዓዛር ስም በተሰየመ ሆስፒታል፣ ካርል ላንገንቡኽ የተባለ ሐኪም፣ ለ16 ዓመት በዚህ ሕመም የተሠቃየ የ43 ዓመት ሰው ከረጢቱን ጨርሶ አወጣለት፤ ሰውየውም ድኖ ወደ ቤቱ ገባ። የላንገንቡኽ አሳብ ቀላል ነበር፤ ከረጢቱ የሚወጣው ጠጠር ስለ ያዘ ብቻ ሳይሆን ጠጠር የሚያፈራው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ከዚያ ከ100 ዓመት በኋላ በ1985 ኤሪክ ሙኸ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ፣ ሆድን በሰፊው ሳይከፍት፣ በትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብቶ ከረጢቱን አወጣ። ሥራውን ለባልንጀሮቹ ሐኪሞች ባቀረበ ጊዜ ተዘባበቱበት። በ1992 ግን የአገሩ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማኅበር ሸለመው። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚታከመው በዚሁ በላፓሮስኮፒ ነው።

በአገራችንም ላፓሮስኮፒ በአዲስ አበባ በመንግሥትም በግልም ሆስፒታሎች ይሠራል፤ በክፍለ ሀገር ግን በአብዛኛው ሆድን ከፍቶ ማውጣቱ የተለመደ ነው። ሁለቱም አንድ ከረጢት ነው የሚያወጡት። በመክፈት የሚሠራው ከቀኝ ጎድን በታች አንድ ስንዝር የማይሞላ ቍስል ይተዋል፤ በሆስፒታል ጥቂት ቀናት ያስተኛል፤ ወደ ከባድ ሥራ ለመመለስም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። በላፓሮስኮፒ የሚሠራው ሦስት ወይም አራት ጣት የማታክል ቀዳዳ ብቻ አለው፤ በሽተኛው በማግስቱ ወደ ቤቱ ሊሄድ፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ሆዱ በጋዝ ስለሚነፋ ለአንድ ሁለት ቀን ትከሻውን ቢያመው አይደንግጥ። አንዳንድ ጊዜ በላፓሮስኮፒ የተጀመረው ነገሩ ሲከብድ በመክፈት ይፈጸማል፤ ይህ ለበሽተኛው ደኅንነት የሚደረግ ጥንቃቄ እንጂ የሐኪሙ ውድቀት አይደለም።

ወደ ደሴ የሄድነው በግንቦት መጀመሪያ ነው። ከ70 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ በሐርቡና በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ከከሚሴ ሙቀት ለሚነሣ ሰው የደሴ ሌሊት ብርቱ ነውና ጋቢ መያዝ ይገባል። ከጋቢውም በፊት የሚያዘው ግን የሪፈር ወረቀት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተ ሰብ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ በሪፈር ወረቀት ካልሄደ ወጪውን ራሱ ሊከፍል ነው። ደብተሩም በየዓመቱ የታደሰ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው በሆስፒታሉ መስኮት ፊት ከቆመ በኋላ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ደሟን መረመሩ፤ የደሟንም ዐይነት ለዩ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ጠየቁ፤ በሽተኛ እዚህ ላይ የቤት መድኃኒቱንም ሳይቀር መናገር አለበት። ከዚያም የስምምነት ወረቀት አቀረቡላት። አንዳንዱ በዚህ ወረቀት ይሸበራል፤ የሞት ውል ይመስለዋል። ወረቀቱ ግን በሽተኛው ምን እንደሚደረግለት ሰምቶ መፍቀዱን የሚያሳይ ነው፤ ከመፈረሙም በፊት የፈለገውን የመጠየቅ መብት አለው። አማርኛ በደኅና የማይሰማ ሰው በቋንቋው እንዲተረጐምለት ይጠይቅ፤ በእኛ ዞን ብዙ እናቶች ኦሮምኛ ብቻ ይናገራሉና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐኪሙም ሊያጋጥም የሚችለውን ሳይሸሽግ ነገራት፤ ይኸውም ደም መፍሰስ፣ ቍስል ማመርቀዝ፣ ሐሞት ማፍሰስ፣ እጅግ አልፎ አልፎም የዋናው ቧንቧ መጐዳት ነው።

ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ አዘዙ። እዚህ ላይ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች በተለይ የምናገረው አለኝ። ጧት ልጠይቃት ስገባ ትራሷ ሥር አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ አየሁ፤ አንዲት ዘመዳችን በሌሊት ያመጣችው ጠበል ነበር። እኅቴም አንድ ጕንጭ ልትቀምስ ክዳኑን ከፍታ ነበር። «እትዬ፣ ተቀቢው እንጂ አትጠጪው» አልኋት። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ከሆዱ ውስጥ ያለው ውኃ ወይም ምግብ ወደ ሳምባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል፤ ውኃው ጠበል ስለ ሆነ ሳምባ አይለየውም። ጠበልና ሐኪም ጠላቶች አይደሉም፤ ጦቢትን ዐይኑን ያበራለት በመልአኩ የታዘዘው መድኃኒት ራሱ የዓሣ ሐሞት ነበርና። ግንባሯን ተቀባች፤ ጠርሙሱም እስክትነሣ ቆየላት።

በሦስት ሰዓት ገባች፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ ወጣች። ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «ጀመሩ?» የሚል ነበር። በዚያ ቀን ማስታገሻ በመርፌ፣ ምግቧም በጠርሙስ በክንዷ ይገባላት ነበር። በጎኗ በኩል ለፈሳሽ መውጫ ቀጭን ቱቦ ተተክሎ ነበር፤ ይህ ለሁሉ አይደረግም፤ የተደረገለትም ሰው በጥቂት ቀን ይነቀልለታል። በማግስቱ ነርሷ መጥታ «ይነሡና ይራመዱ» ስትላት እኔ ራሴ ተቈጣሁ፤ ትናንት የተቀደደ ሰው እንዴት ይራመዳል? ነርሷ ግን በትዕግሥት አስረዳችኝ። ተኝቶ የሚቆይ ሰው ደሙ በእግሩ ይረጋል፤ ሳምባውም ይታፈናል። ትራስ በቍስሏ ላይ አቅፋ እንድታስል፣ በረጅሙ እንድትተነፍስም አስተማረቻት። እኅቴም በትከሻዬ ተደግፋ እስከ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች።

ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ጠያቂ ነው። ወገናችን በሽተኛን ባዶ እጁን አይጠይቅም። በሦስተኛው ቀን ከኮምቦልቻ የመጡ ዘመዶች በቅቤ የተጥለቀለቀ ገንፎ ይዘው ገቡ፤ «ጕልበት ይሆናታል» እያሉ። ሐኪሙ የፈቀደው ግን ቀጭን አጥሚትና ሾርባ ነበር። ገንፎውን እኔ በላሁት፤ ዘመዶቹም ቅር እንዳላቸው ሄዱ።

ከመሄዳችን በፊት ሐኪሙ ጠጠሮቹን በትንሽ ጠርሙስ አድርጎ ሰጣት። ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ቡናማ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያላቸው፣ ሽምብራ የሚያክሉ። ከረጢቱ ራሱ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ፤ አንዳንድ ጊዜ የማይታይ ክፉ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ይህ መደረጉ መልካም ነው፤ ውጤቱንም ተከታትሎ መቀበል ይገባል።

ቤት ከገባች በኋላ ያለውን ባጭሩ ልናገር። የቍስሉ ክር በስምንተኛው ቀን ወጣ። ለስድስት ሳምንት እንስራ አላነሣችም፤ የእህል ኩንታል አልጐተተችም፤ ምጣድም ልጆቿ ጣዱ። ምግብን በጥቂት በጥቂቱ፣ ደጋግማ፣ ቅባቱን ቀንሳ ጀመረች፤ በሁለት ወር ሁሉን ትበላ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቅባት በኋላ ሆዷ ይላላ ነበር፤ ይህ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ በአብዛኛውም ራሱ ይቆማል። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ኪኒን የለም። የሐዋርያት ጾም ሲገባ ገና ቍስሏ አልጠናም ነበርና የንስሐ አባቷን ጠየቀች፤ እርሳቸውም «በሽተኛ ነሽ፤ ሐኪምሽን ስሚ» አሏት፤ የፍልሰታን ግን ጾመች። ነገር ግን ከቀዶ ጥገና በኋላ ትኩሳት ቢነሣ፣ ዐይን ቢጫ ቢሆን፣ ሆድ ቢነፋና ሕመሙ ቢጨምር፣ ቍስሉ መግል ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ቢያወጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት መመለስ ነው።

ቢጫ ዐይን ያልሁትን እደግመዋለሁ። የወፍ በሽታ የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። በጉበት መታመምም ዐይን ቢጫ ይሆናል፤ ጠጠር ቧንቧ በመዝጋቱም ይሆናል። ጠጠር የዘጋውን ቧንቧ ሥርም ቅጠልም አይከፍተውም። ቢጫነት ላይ ብርድና ትኩሳት ከተጨመረ፣ በተዘጋው ቧንቧ ውስጥ መርዝ ገብቷል ማለት ነውና የሚቈጠረው በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው። ሐጂ ሃያ ቀን ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። እኅቴ የጠጠሩን ጠርሙስ ከዕቃ መደርደሪያዋ ላይ፣ ከስኒዎቹ ጎን አስቀምጣዋለች፤ ለቡና የመጣ ሁሉ ያየዋል። በበዓል በግ ሲታረድም ወደ ባሏ ቀርባ «አደራ፣ የእኔ እንኳ ሳይፈስ ወጥቷል!» ትለዋለች። የሐጂ ልጅም አንድ ቀን ለቡና ተጠርቶ መጣ። ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አድርጎ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያም መልሶ አስቀመጠውና እጁን በቀኝ ጎኑ ላይ አድርጎ፣ «መምህር፣ እኔንም ሌሊት ሌሊት ይይዘኛል» አለኝ። ቡናው ቶና ሳይደርስ ተነሥተን፣ ሁለታችን በእግራችን ወደ ከሚሴ ሆስፒታል ወረድን።